ከመስታወቷ ክፍል የሚሰማው እንግሊዝኛ

ጠጋ በሉማ። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር እንጀራዬን አጣለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ የገባችሁ ሁሉ አይታችሁናል። አዳራሹ ጥግ ላይ በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል አለች፤ ሁለት ሰዎች ማዳመጫ አጥልቀው ተቀምጠውባታል። ክፍሏን «ቡዝ» እንላታለን፤ እኛ ደግሞ አስተርጓሚዎቹ ነን። ማይካችን ሲበራ ስለ ድርቅ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ታሪፍ እናወራለን። ማይካችን ሲጠፋ ግን ሐሜት ነው። የምናማውም የተናጋሪዎቹን እንግሊዝኛ ነው።

ማንን የምናማ ይመስላችኋል? «ዚስ ኢዝ» የሚለውን? «እስኩል» የሚለውን?

ኧረ እሱማ የልብ ወዳጃችን ነው! ቀስ ይላል። የጀመረውን ይጨርሳል። ስሙን ከመርሐ ግብሩ ላይ ስታይ የሥራ ባልደረባዬ «ተመስገን» ብላ ውሃዋን ትጎነጫለች።

የምንፈራው ሌላ ነው። አፉን በእንግሊዝኛ የፈታውን።

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ከለንደን ወይም ከዋሽንግተን የመጣው ሰውዬ የቃሉን ጫፍ እየዋጠ ይጋልባል። ከክሪኬትና ከቤዝቦል ሜዳ የለቃቀመውን ፈሊጥ ጣል ጣል ያደርጋል። ይባስ ብሎ ይቀልዳል! ጂሚ ካርተር ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ጃፓን ሄደው አንድ አጭር ቀልድ ቢናገሩ አዳራሹ በሳቅ አወካ። ገርሟቸው አስተርጓሚውን እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው ቢጠይቁት፣ ለካስ ካርተር ቀልድ ስለተናገሩ ሁላችሁም ሳቁ ነው ያላቸው። ይህን ያወሩት ራሳቸው ካርተር ናቸው። በኛ ሙያ ያ ሰው ጀግና ነው።

አሁን ዋናውን ገመና ልንገራችሁ። ያ ፈረንጅ ሲጋልብ አዳራሹ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሁሉም የገባው ይመስላል። ብዙው አልገባውም።

በምን አወቅሽ አትሉኝም? በሻይ ዕረፍት ነዋ። ሙሉ ሱፍ የለበሰ ኃላፊ ስኒውን እንደያዘ ወደኔ ጠጋ ይላል። ግራ ቀኙን ያያል። «እህቴ፣ ቅድም ያ ሰውዬ ምን ነበር ያለው?» በር ላይ ማዳመጫ ሲታደል «ግዴለም» ብሎ ያለፈው እኮ እሱ ነው። እንግሊዝኛ አያውቅም እንዳይባል! እነግረዋለሁ። ስሙን ግን ለእናንተ አልነግርም።

ደግሞ ሌላ አለላችሁ፤ አክሰንት የተዋሰው። ማይኩን ሲይዝ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ ነው የሚመስለው። እኛ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ምኑን? ቁጥሩን። በጀቱ ጋ ሲደርስ፣ ወይም ከተሰብሳቢው አንዱ ሲሞግተው፣ ቴክሳስ ድራሿ ይጠፋና ደብረ ብርሃን ከች ትላለች። ቁጥርና ንዴት የማያጋልጡት አክሰንት የለም። የሚያስቀው ግን ንግግሩ ግልጥልጥ ብሎ የሚሰማን ከዚያ ወዲህ መሆኑ ነው። ምላሱን መጠበቅ ሲተው ሐሳቡ ይመጣለታል።

የቡዝ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳትንቁኝ ከሙያዬ ወጣ ልበል። አለመግባባት ነፍስ የሚያስከፍልበት ሥራ የቱ ነው? በረራ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ የአብራሪዎችና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች እንግሊዝኛ የሚመዘንበት ከ1 እስከ 6 የሚደርስ ደረጃ አለው። ለዓለም አቀፍ በረራ 4 ያስፈልጋል። 6 ቁንጮው ነው፤ እዚያ የደረሰ ዳግመኛ አይፈተንም። እዚያ ቁንጮ ላይ ስለ አነጋገር ምን ተጽፏል መሰላችሁ? የአፍ መፍቻ ቋንቋው ቃና ሊሰማበት ይችላል፤ መግባባትን ግን ከሞላ ጎደል አያውክም። በቃ። አውሮፕላን ለሚያበር ሰው የተፈቀደ ቃና ሪፖርት ለምታቀርቡት ለእናንተ ምን አደረጋችሁ?

ታዲያ ምኑ ነው የሚታረመው? ጄኒፈር ጄንኪንስ የተባሉ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚያደናግረውን ከማያደናግረው ለይተዋል። ምላሳችንን በጥርሳችን መሀል እያስገባን የተሰቃየንባት ያቺ «ዚስ» ላይ ያለች ድምፅ? ብትቀር አትጎዳም። «እስኩል»? ተነባቢ ከመዋጥ አናባቢ መጨመር ይሻላል። የሚጎዳው ረጅሙንና አጭሩን አናባቢ መቀላቀል፣ ደግሞም ቁልፏን ቃል ጠበቅ አድርጎ አለመጥራት ነው። እኛ ደግሞ ቃሉን ሁሉ እኩል ነው የምንረግጠው።

በተለይ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ»! ቡዝ ውስጥ ተራው ያልሆነው አስተርጓሚ የሚያርፍ ይመስላችኋል አይደል? ቁጥር ነው የሚጽፈው። ወረቀት ላይ ጫር ያደርግና ወደሚናገረው ጓደኛው ይገፋዋል። 15 ሚሊዮን ይሁን 50 ሚሊዮን ያልለየለት ቀን ብዕሩ አየር ላይ ይቀራል፤ እንተያያለን። ስለዚህ ቁጥር ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ። «ዋን ፋይቭ» ብላችሁ ድገሙት። ከቴክሳስ አክሰንት ይልቅ ይቺ ታስከብራለች።

ቆይ፣ እነዚያ እንግሊዝኛ የሚንቆረቆርላቸውስ? የእነሱንም ላውጣው። አብዛኞቹ ዝግጁ የሆኑ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አሏቸው። አንዱ መክፈቻ ነው። አንዱ ጊዜ መግዣ ነው። አንዱ ያልሰሙትን ጥያቄ በክብር ማስደገሚያ ነው። ስብሰባው ይለያይ እንጂ ዓረፍተ ነገሮቹ ያው ናቸው፤ ባልደረባዬ አንዳንዱን ገና ሳይጨርስ ተርጉማ ትጠብቀዋለች። እናንተም የራሳችሁን አዘጋጁ። መክፈቻችሁን ቤታችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት፤ ምላስ ብዙውን ጊዜ የሚተሳሰረው መጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው።

መክፈቻችሁ ግን «ለእንግሊዝኛዬ ይቅርታ» እንዳይሆን! አደራ። እስከዚያች ሰዓት ስሕተታችሁን የሚቆጥር አልነበረም። ቁጠሩልኝ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

እርግጥ አክሰንት የሚያስከፍልበት ቦታ የለም ብዬ አልሸነግላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ተራ መረጃ እንኳ በባዕድ አክሰንት ሲነበብ አድማጮች እውነትነቱን ዝቅ አድርገው ገምተዋል። አንባቢዎቹ የተሰጣቸውን ብቻ እንደሚያነቡ ለአድማጮቹ እየተነገራቸው! ምክንያቱ የጆሮ ድካም ነው ይላሉ ተመራማሪዎቹ፤ ለመስማት ያታከተ ለማመንም ያታክታል። መድኃኒቱ ታዲያ አክሰንት መዋስ ነው? የተዋሰ ሰው ጆሮን ሁለት ጊዜ ያደክማል። ቀስ በሉ፣ አጠር አድርጉ፣ ከራሳችሁ ቀበሌና ከራሳችሁ መሥሪያ ቤት ምሳሌ አምጡ። የኖራችሁበትን ስታወሩ ቃል አይጠፋባችሁም።

ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መብት አለ። የአማርኛ ቡዝ ካለ በአማርኛ ተናገሩ! ለዚያ ነው የተከፈለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር የተናገሩት በአማርኛ ነው፤ ፈረንሳይኛውን አሳምረው ያውቁት ነበር። ዛሬ ግን ስንቱ አዋቂ አስተርጓሚ ተቀምጦለት፣ ያለውን ዕውቀት ግማሹን ቤቱ ትቶ የቀረውን በእንግሊዝኛ ሲያማጥ እናያለን።

ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ የሻይ ዕረፍቱ አለቀ። አንድ የመጨረሻ ልጨምርላችሁ። ንግግር ሳንሰማ የሚያመልጠን በአክሰንት የተነሣ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ማይኩን ሳይከፍት ስለጀመረ ነው። ቁልፏን ጫኑ፣ ቀይ መብራቷ ትብራ፣ ከዚያ እንደፈለጋችሁ «እስኩል» በሉ።