ፖሊስና መንደርተኛ ሲመካከሩ

ፖሊስ የማን ነው? የመንግሥት ብቻ ነው ወይስ የሕዝቡም? የካናዳን ነባር ሕዝቦች ጉዳይ እንመልከት።

በ1991 እ.ኤ.አ. ለመንደሮቻቸው የፖሊስ ፕሮግራም ተቋቋመ። ከወጪው 52 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ 48 በመቶውን ክፍለ ሀገሩ ይከፍላል። የፌዴራል ፖሊስ በውል በሚሠራባቸው መንደሮች ከነዋሪው የተውጣጣ አማካሪ ቡድን ከፖሊሱ ጋር ይመክራል። ምን ይቅደም? የት ላይ ተበደልን? ይላል።

ታዲያ ምክር ብቻውን ምን ይሠራል? በማሽቴውያች የነበረውን እንይ። መንደሩ የራሱን ፖሊስ አቋቋመ፤ የተመደበለት ገንዘብ ግን አልበቃም። ጉድለቱን የመንደሩ ምክር ቤት ከራሱ ሣጥን ሸፈነ። የኬቤክ መንግሥት ድርሻውን እንደገና ለመደራደር እምቢ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንደሩ ፈረደ፤ ውል በቅን ልቦና ይፈጸማል አለ።

እኛም ይህን እንገነዘባለን፤ ምከሩ የተባለ ሕዝብ ምክሩን የሚያሠራ በጀትም ይገባዋል።