የማራገቢያ ፍጥነት እንዴት ይቀነሳል?

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በተለይ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ስለሚበረታ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ወይም ቬንትሌተር የዘወትር መገልገያ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራው ትንሹ ማራገቢያ ይተካዋል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ አንድ ብቻ ስለሆነ ነፋሱ ለተኛ ሕፃን ይበዛል፤ ድምፁም እንቅልፍ ይነሣል። ታዲያ ሳያጠፉት ፍጥነቱን ብቻ መቀነስ የሚቻለው እንዴት ነው?

ቀላሉ መንገድ በባትሪውና በሞተሩ መካከል ሬዚስተር ማስገባት ነው። ሬዚስተር የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ትንሽ ዕቃ ሲሆን፣ የመግታት አቅሙ የሚለካው በኦም ነው። መለኪያው ስያሜውን ያገኘው የፍሰትን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካሳተመው ከጀርመናዊው ሊቅ ከጌኦርግ ኦም ነው። ሬዚስተሩ ከቮልቴጁ ከፊሉን ስለሚያስቀር ለሞተሩ የሚደርሰው ያነሰ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ለምሳሌ ያህል፣ ማራገቢያው በ9 ቮልት ሲዞር 0.15 አምፔር ይወስዳል እንበል። ባትሪው 12 ቮልት ስለሆነ ሬዚስተሩ ማስቀረት ያለበት 3 ቮልት ነው። 3 ለ0.15 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው የ20 ኦም ሬዚስተር ነው።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ አያበቃም። የተገታው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። 3 ቮልት በ0.15 አምፔር ሲባዛ 0.45 ዋት ይሆናል፤ ይህም ባትሪው ከሚሰጠው 1.8 ዋት አንድ አራተኛው ነው። 0.25 ዋት ብቻ የሚችል ሬዚስተር ቢገባ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል፤ አጠገቡ ጨርቅ ወይም ወረቀት ካለም አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም 1 ዋት የሚችለውን መርጦ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማድረግ ይገባል።

በሌላ በኩል ኦሙን እጅግ ማብዛትም ጉዳት አለው። ሞተር ከቆመበት ለመነሣት የበለጠ ጉልበት ስለሚሻ፣ ከመጠን በላይ ከተገታ ሳይዞር ይቀራል።

ከሁሉም በላይ፣ ይህ ዘዴ የሚያገለግለው በባትሪ ለሚሠራ ማራገቢያ እንጂ በቤት መስመር፣ በ220 ቮልት ለሚሠራው አይደለም። ከጣሪያ ለሚንጠለጠሉት ማራገቢያዎች ቀድሞ ግድግዳ ላይ የሚገጠመው መቆጣጠሪያ በውስጡ ሬዚስተር ስለነበረው ሣጥኑ ይሞቅ ነበር። ዛሬ ግን ኃይልን በሙቀት እምብዛም የማያባክኑት ባለ ካፓሲተር መቆጣጠሪያዎች በብዙ ቦታ ተተክተዋል።

እንግዲህ ሬዚስተር ፍጥነትን ይቀንሳል፤ ዋጋውን ግን በሙቀት ያስከፍላል። ስለዚህ ከመግጠም በፊት ኦሙንም ዋቱንም ማስላት ያስፈልጋል።

መልመጃ

1. በሬዚስተር የተገታው ኃይል ምን ይሆናል?
2. 0.25 ዋት የሚችለው ሬዚስተር በምሳሌው ላይ የማያገለግለው ለምንድን ነው?
3. «ስለዚህ»፣ «ከዚህም የተነሣ» እና «ይሁን እንጂ» የሚሉትን አያያዦች በመጠቀም፣ በቤታችሁ ስለሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ አሠራር የሚያስረዳ አንቀጽ ጻፉ።