ቀንዱን አይታችሁ ብረቱን አትግዙ

በእጅ የተቀጠቀጠ ባለ ቀንድ እጀታ ቢላ ለምንድን ነው ከፋብሪካ ቢላ ብዙም በማይበልጥ ዋጋ የሚሸጠው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሰሞኑን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአንድ አዛውንት ቀጥቃጭ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ የዋልኩት።

ብረቱ ከመኪና ሥር የወጣ ባሌስትራ ነው። «ከኤንትሬ የወጣ ከሆነማ ዕድሜ ልክ ነው» አሉኝ ጋሼ። ለምን ባሌስትራ? የካርቦን ጉዳይ ነው። ባሌስትራ ውስጥ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለ፤ ብረት በእሳትና በዘይት እንዲጠነክር የሚያደርገው እሱ ነው። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀጠቅጡት ስለቱ ቶሎ ይደንዛል።

ወናፉ ዛሬ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተተክቷል። የቀረው የድሮው ነው፤ ከሰል፣ ጉጠት፣ መስፍ፣ መዶሻ። ብረቱ ብርቱካን ሲመስል ይመታል፤ ቀልሞ ሲጠቁር ወደ ፍሙ ይመለሳል። ቀዝቅዞ ከተመታ ይሰነጠቃል፣ ነጭ ብልጭታ እስኪረጭ ከጋለ ደግሞ ተቃጥሏል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰዓታት ይፈጃል፣ ላብ ያፈሳል። ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

ጋሼ ከተበላሸ ስፒከር ያወጡት ማግኔት አላቸው። የጋለውን ቢላ ያስጠጉታል። ብረት 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ ጨምረው ቶሎ ዘይት ውስጥ ይከቱታል። ውኃ ለባሌስትራ ስለሚፈጥንበት ሊሰነጥቀው ይችላል። ከዘይቱ ሲወጣ ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ያጸዱትና 200 ዲግሪ ገደማ እንደገና ያሞቁታል። ቴርሞሜትር የለም። ብረቱ ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ በቃ፤ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ስለቱ ልል ይሆናል።

«ሙያው ይኼ ነው፤ መዶሻውማ ጉልበት ነው» አሉኝ።

እጀታው ሌላ ዓለም ነው። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ቀንድ ከሥጋ ቤት ጓሮ በየቀኑ ይጣላል። ቀንድ ከጥፍርና ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ ሲሰነጠቅ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል (አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙም ለሳንባ ጥሩ አይደለም)። ውስጡ ያለው አጥንት ተቀቅሎ ይወጣል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ተሰንጥቆ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በሁለት ብረት መሀል ተጨምቆ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል፤ ያኔ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። ሳይደርቅ የተሠራ ግን በኋላ ይጣመማል። ሁለቱ ገጾች ግራና ቀኝ በናስ ሽቦ ይበሳሉ፣ የሽቦው ጫፍ ይቀጠቀጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ጥቁሩ ውስጥ የማር ቀለም ብቅ ሲል ማየት ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዋጋው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ ኢኮኖሚስት ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ ጻፈ፤ በኋላ ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ ሲያጥር፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው፤ በዚህ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል። የማግኔቱን ሰከንድ ከቢላው ላይ ማን ያየዋል? ማንም። የሚታየው ቀንዱ ነው። ቀንድ ደግሞ ፌሮ ላይም ይገጠማል።

ከገበያው መውጣቱም ተጀምሯል። የጋሼ ልጅ ታክሲ ይነዳል። ዋጋው ብቻም አይደለም። ሠራተኛን በሙያው መስደብ በምኒልክ አዋጅ ከተከለከለ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ መቶ ዓመት አልፎታል፤ «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ግን አሁንም በስድብነት ይወረወራል። አዋጁ የቢላውን ዋጋም አላነሣም።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ትንሽ ሞረድ ያዙ። ከስለቱ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፣ ነክሶ ከያዘ ልል ነው። ከገዛችሁ በኋላ ውኃ ውስጥ አታሳድሩት፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ቀንዱም ያብጣል።

ጋሼን «ደንበኛ ሞረድ ይዞ ቢመጣ ቅር አይልዎትም?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ያኔማ ዋጋ እጨምራለሁ!»