ወደ አሶሳ ለሚዛወር ቤተሰብ

የዝውውር ደብዳቤ ወደ አንድ ቤት በደረሰ ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ይታወካል። እናት ስለ ልጆቿ ትምህርት፥ አያት ስለ ቈላው ሙቀት፥ ልጆችም ትተዋቸው ስለሚሄዱት ጓደኞቻቸው ያስባሉ። በተለይም የዝውውሩ ቦታ አሶሳ የሆነ እንደ ሆነ ደገኛው ቤተሰብ ወደ ባዕድ አገር ከተማ የሚሄድ ያህል ይሰማዋል። አየሩ ሌላ፥ የጎረቤቱ ቋንቋ ሌላ፥ የብዙ ነዋሪዎች ሃይማኖትም ሌላ ነውና። እኛም ይህን ጭንቀት በራሳችን ቤት አይተነዋል። ስለዚህ ወደዚያ ለሚሄዱ ቤተሰቦች የሚጠቅመውን ምክር፥ የራሳችንንም ስሕተት ሳንደብቅ፥ ልንጽፍ ወደድን።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን አሶሳ ግን ከ1,500 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሺናሻ፥ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ በአሶሳ ዙሪያ የሚበዙት በርታዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ የእስልምና ተከታዮች ናቸው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላም ከወሎና ከሌላ ስፍራ ብዙ ሕዝብ በሰፈራ ወደ አካባቢው መጥቷል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለ ሆነ በገበያም በመሥሪያ ቤትም በቋንቋ የሚቸገር እንግዳ ብዙ አይደለም።

ስለ ጕዞው አስቀድመን እንናገር። የመኪናው መንገድ በአምቦ፥ በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በነጆ፥ በመንዲና በባምባሲ በኩል ያልፋል። ይሁን እንጂ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በኩል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ በተደጋጋሚ እየተዘጋ መንገደኛውን አስቸግሯል። ስለዚህ ማንም አባወራ ቤተሰቡን ከማሳፈሩ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን ከተመላለሱ ሰዎች ጠይቆ ይረዳ። ለአውሮፕላን የሚሆን ገንዘብ ያለው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡርን በአውሮፕላን ቢልክ፥ ዕቃውን ግን በጭነት መኪና ቢያደርግ መልካም ነው።

ዕቃን በሚመለከት ምክራችን አጭር ነው፤ ጥቂት ያዙ። ወፍራሙን ብርድ ልብስና የሱፍ ካፖርት ለዘመድ ትታችሁ፥ ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ውሰዱ። ቀርቀሃ በአገሩ እጅግ የበዛ ስለ ሆነ መቀመጫና መደርደሪያ ከዚያው ማሠራት ይቻላል። ምስጥ ግን የአካባቢው ብርቱ ጠላት ነውና መጻሕፍትንና የልብስ ሣጥንን በመሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከግድግዳውም ጥቂት አርቁ። ከዕቃ ሁሉ ይልቅ ወረቀት እንዳይረሳ አደራ እንላለን። የቀበሌ መሸኛ፥ የልጆች የትምህርት መሸኛና የውጤት ካርድ፥ የሕፃናት የክትባት ካርድ፥ የክርስትና የምስክር ወረቀት በአንድ ቦርሳ ሆነው ከእናት ወይም ከአባት እጅ አይለዩ። ወደ ኋላ ተመልሶ አንዲት ወረቀት ማስመጣት ብዙ ቀን ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ ወደ አሶሳ የገባነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመስከረም ነበር። በገባን ዕለት ማታ አንዲት በዕድሜ የገፉ የበርታ ተወላጅ ጎረቤታችን በሳሕን ሙሉ ትኩስ የማሽላ ቂጣ ይዘውልን መጡ። አመስግነን ተቀበልን፤ ነገር ግን ጓዛችንን ስናወርድና ስናስተካክል ሰነበትንና ሳሕኑን ሳንመልስ ሳምንታት አለፉ። ሰው ዕቃ ሲልክልህ ባዶውን እንዳትመልስ ከእናቶቻችን የተማርን ነን፤ እኛ ግን ባዶውንም እንኳ አልመለስንም ነበር።

በኅዳር ወር ታናሹ ልጃችን ራሱን አመመውና ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኛም እንደ ደጋ ልማዳችን ብርድ ነው ብለን ጤና አዳም አፍልተን አጠጣነው፤ በጋቢም ሸፈንነው። በማግስቱ ትኩሳቱ በረታበት። የልጁን ለቅሶ የሰሙት እኒያ ጎረቤት ሳይጠሩ ገቡና ግንባሩን ዳስሰው እናቱን፥ «ልጄ፥ ይህ ብርድ አይደለም፤ ወባ ነው። አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አሏት። መንገዱንም ራሳቸው መሩን። በደም ምርመራው የተገኘው በእርግጥ ወባ ነበር፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ከወሰደ በኋላ ልጁ ዳነ። ሌላ ቀን ብንጨምር ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ዛሬም ስናስበው ያስደነግጠናል። ሳሕናቸው በዚያን ጊዜ በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ይታይ ነበር።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን በልብህ ያዝ። በደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን ያልለመደ ስለ ሆነ በሽታው ይበረታበታል፤ ከሁሉ ይልቅ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ያሰጋል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2024 ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ የወባ ሕመም ተመዝግቧል። ትንኟ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያይቱ ሌሊት፥ ሌላው ዕቃ ሳይፈታ፥ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሰቀል። በቤቱ ዙሪያ የቆመ ውሃ ይፍሰስ ወይም ይደፈን። ዝናቡ ካባራበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ጥንቃቄው ይበርታ። ትኩሳት በታየ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይመርመር፤ ሕመሙ ስለ ቀለለ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። የወባ ምልክት ከተነደፉ ከሳምንት ወይም ከብዙ ሳምንት በኋላ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ለበዓል ወደ ደጋ ወጥቶ የታመመ ሰው ከአሶሳ መምጣቱን ለሐኪሙ ይንገር።

ሁለተኛው ምክራችን ስለ ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በእንግድነት ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። በገባችሁበት ሳምንት ቡና አፍልታችሁ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥሩ፤ ለሰላምታም የሚሆኑ ጥቂት የበርታ ቃላት ተማሩ፤ የሰፈሩን ዕድርም ጠይቃችሁ ግቡ። እኛ የእነርሱን ዕርድ፥ እነርሱም የእኛን ዕርድ እንደማይበሉ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማንም በዚህ አይቀየምም። ቡና፥ ቈሎ፥ ዳቦ፥ ፍራፍሬና የጾም ወጥ ግን ለሁሉም የሚሆን ማዕድ ነው። በረመዳን ወር ቀን ለቡና አትጥሩ፤ የእኛንም ጾም ብትነግሯቸው እነርሱ ያከብሩላችኋል። ከሁሉ በላይ ልጆቻችሁ በሰው ቋንቋ፥ በሰው መልክና በሰው ምግብ እንዳይሣለቁ በቤት ውስጥ አስተምሯቸው። ልጅ በውጭ የሚናገረው በቤት የሰማውን ነውና።

ሦስተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያን ነው። በአሶሳ አብያተ ክርስቲያናት ስላሉ፥ እንደ ደረሳችሁ አጥቢያችሁን ለዩ፤ የነፍስ አባትም ያዙ፤ ልጆችንም በሰንበት ትምህርት ቤት አስመዝግቡ። ዐቢይ ጾም የሚውለው ሙቀቱ በሚጸናበት ወራት ስለ ሆነ፥ ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ እንዴት መጾም እንዳለባቸው አስቀድመው የነፍስ አባታቸውን ያማክሩ።

ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተወሰዱት ወገኖቹ በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መክሯቸው ነበር። ለምርኮኛ እንዲህ ከተባለ፥ በገዛ አገሩ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ለሚዛወር ሰውማ እንዴት አይባል? ብዙ ሠራተኛ ግን ነገ እዛወራለሁ እያለ፥ ጓዙን ሳይፈታ፥ ችግኝ ሳይተክል፥ የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመታት ይኖራል።

እኛ ከዚያ ሕመም በኋላ ሳሕኑን በእጃችን በጋገርነው የጾም ዳቦ ሞልተን፥ ልጁን አስይዘን፥ ራሳችን ሄደን መለስን፤ ስለ መዘግየታችንም ይቅርታ ለመንን። እኒያ እናት ስቀው ሳሕኑን ከተቀበሉ በኋላ ከጓሯቸው አንዲት የማንጎ ችግኝ ነቅለው ለልጁ ሰጡት። ከዘር የበቀለ ማንጎ ፍሬ እስኪሰጥ አምስትና ስድስት ዓመት ይቈያል። በዚያ ጊዜ የት እንደምንሆን አላወቅንም፤ ቢሆንም በደጃችን ተከልነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ፍሬውን እናንተ ባትበሉት ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ቤተሰብ ይበላዋልና።