ናኖቴክኖሎጂ በምግብ ኢንዱስትሪ

ናኖቴክኖሎጂ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶችን ሠርቶ ለአገልግሎት የማዋል ሙያ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የሰው ፀጉር እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይወፍራል። ቁስ ይህን ያህል ሲደቅ ከሌላው ጋር የሚነካካበት ገጽ ስለሚሰፋ ጠባዩ ይለወጣል። በየጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ስኳር ገጹ ተደምሮ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያው ስኳር በየጎናቸው 1 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል የገጾቹ ድምር 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አያንስም።

ይህ ዓለም ለምግብ እንግዳ አይደለም። ወተት ውስጥ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ከካልሲየም ጋር ተድቦልቡሎ የሚሠራቸው እንክብሎች በአብዛኛው ከ50 እስከ 500 ናኖሜትር ናቸው። ወተት የሚነጣው እነሱና የቅባቱ ጠብታዎች ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። እርጎ ሲረጋም ባክቴሪያዎች የሚያወጡት አሲድ እንክብሎቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ፋብሪካዎች ዘይት ብቻ የሚያሟማቸውን ቫይታሚን ኤ እና ዲ ከውሃ ጋር የሚያስማሙት በተቀራራቢ ዘዴ ነው፤ ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ደቃቅ ወደሆኑ ጠብታዎች ይሰባበራል፣ መጠጡም ሳይደፈርስ ጥርት እንዳለ ይቆያል።

ሙያው ይበልጥ የሠመረለት ግን ማሸጊያ ላይ ነው። ኦክስጅን በፕላስቲክ ጠርሙስ ግድግዳ ሰርጎ ስለሚገባ የቢራ ጣዕም ይበላሻል፤ የቢራው ጋዝም ቀስ በቀስ ያመልጣል። መፍትሔው ከአፈር ተገኘ። ሞንትሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ውፍረታቸው 1 ናኖሜትር፣ ስፋታቸው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ናኖሜትር የሆነ ስስ ቅጠሎች ክምር ነው። ቅጠሎቹ ተነጣጥለው ፕላስቲኩ ውስጥ ሲነጠፉ ጋዙ ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት መንገድ ያጣል። በየቅጠሉ ዳር እየዞረ መሄድ ግድ ስለሚሆንበት ጉዞው ይረዝማል። ለዚህ የሚበቃው ሸክላ ከፕላስቲኩ ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

ሌላው ጥቅም ምርመራ ነው፤ ለኢትዮጵያ የሚቀርበውም ይኸው ነው። አፍላቶክሲን ሻጋታ በእህልና በመኖ ላይ የሚያመርተው መርዝ ነው። ላም የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ስትበላ ከመርዙ ከፊሉ መልኩን ለውጦ ወደ ወተቷ ይገባል። በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተካሄደና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ መርዙን አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ወተት ገና ከመሰብሰቢያው ለመለየት የወረቀት ስትሪፕ ያገለግላል። ወርቅ በአሥሮች የሚቆጠር ናኖሜትር እስኪሆን ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ይሆናል፤ በስትሪፑ ላይ መርዙን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ተለጥፈውበት ተቀምጧል። ወተቱ ወረቀቱን እያራሰ ሲወጣ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ወርቁ መመርመሪያው መስመር ላይ ተይዞ ቀይ ጭረት ይወጣል። መርዝ ካለ ፀረ እንግዳ አካላቱ አስቀድመው በሱ ስለሚያዙ ጭረቱ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ የመቆጣጠሪያው መስመር ካልቀላ ስትሪፑ ራሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል፤ ወተት ሳይደባለቅ ሊመለስ የሚችለውም በዚያች ጊዜ ስለሆነ ፍጥነቱ ትልቅ ዋጋ አለው።

ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረ ቅንጣትና ሰው የሚውጠው ቅንጣት በአንድ ዓይን አይታዩም። ከረሜላና ማስቲካ የሚያነጣው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በመለያ ቁጥሩ ኢ171፣ ከፊሉ ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2021 እ.ኤ.አ. ዘረ መልን ሊጎዳ የሚችልበት ዕድል የለም ማለት እንደማይቻል ገለጸ፤ ኅብረቱም በ2022 ከምግብ ውስጥ አገደው። ማቅለሚያ እንጂ ምግብ ባለመሆኑ እገዳው ተገቢ ነበር። በዚያው ኅብረት ከታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆን ተብሎ በናኖ መጠን የተሠራ ማንኛውም የምግብ ግብዓት በማሸጊያው ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ናኖ» የሚል ቃል በቅንፍ ሊጻፍበት ይገባል።