ታሪኩን የሚያስጠይቅ ዜማ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዱራም አካባቢ፣ ብዙው ሰው የሚኖረው ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል በማውጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ዌልስ ውስጥ ግሬስፎርድ በተባለ የከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 266 ሰዎች ሞቱ። ከ250 የሚበልጡት አስከሬናቸው እንኳ አልወጣም፤ ጉድጓዱ በላያቸው ታሸገ። ሮበርት ሴይንት የተባለ የዱራም አካባቢ ከሰል ቆፋሪ መታሰቢያ ዜማ ደረሰላቸው። ዜማው ግጥም የለውም፤ በማርሽ ባንድ ይነፋል።

የዱራም የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ በ1993 ተዘጋ። በሐምሌ መጀመሪያ በሚያከብሩት ዓመታዊ በዓል ግን ዜማው ዛሬም ይነፋል። ግጥም ስለሌለው ልጅ ሲሰማው «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አያት ታሪኩን ያወራል። ዜማውን ያቆየው ይህ ጥያቄ ይመስለናል።

እኅቴ፣ አንቺ የአሠሪሽን ሕፃን በአማርኛ እሹሩሩ ስታስተኚ፣ ያንቺው ልጅ አገር ቤት በአያቱ እጅ ይሆናል። ስትደውዪ «በላህ? ተማርህ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊ። «ዛሬ ማታ አያትህን ተረት ጠይቃት» በዪው። እሷ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብሎ ይቀበላት። ከተቻለ በስልክ ቀድቶ ይላክልሽ። ስልክ የሚፈቀድልሽ በሳምንት አንዴ ከሆነም፣ በዚያችው ሰዓት እሱ ራሱ ይተርክልሽ። ቢሳሳት አታርሚው፤ ተመልሶ አያቱን ይጠይቅ።