የምግብ ቤቱ ገበታና የነጋዴው ዱቤ

በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኙትን ተራና ባህላዊ ምግብ ቤቶች የተመለከተ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው፣ አብዛኛዎቹ በአንድ የምግብ ወይም የመጠጥ ስም የሚጠሩ መሆናቸውን ነው። ሥጋ ቤት፣ ክትፎ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ፉል ቤት፣ ጠጅ ቤት ይባላሉ። ይህ አጠራር ተመጋቢው ምን እንደሚያገኝ ከማስታወቁም በላይ፣ ቤቱ ምን ዕቃ እንደሚገዛ ለነጋዴው አስቀድሞ ይነግረዋል። ስለዚህ በደጃፉ ላይ የተጻፈው ስም ለአስተዋይ ባለሱቅ እንደ ትእዛዝ ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

ምግብን በገንዘብ ገዝቶ ከቤት ውጭ መብላት በከተማችን ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፣ እንግዳን ማብላት ክብር፣ ምግብን መሸጥ ግን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ዛሬ ግን ሠራተኛው፣ ሾፌሩ፣ ተሸካሚውና ተማሪው ምሳውን የሚበላው በምግብ ቤት ስለ ሆነ፣ ነውር የነበረው ነገር ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ መተዳደሪያ፣ ለነጋዴውም የዘወትር ገበያ ሆኗል።

የከተማው ገበታ በሰዓት የተከፋፈለ ነው። ጧት የሚከፈተው ፉል ቤት ባቄላ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዳቦ ይፈልጋል። በምሳ ሰዓት ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ በአጠገቡም በያይነቱ አለ፤ ከጣልያን ጋር የመጣው ፓስታም የእኛው ምግብ ከሆነ ቆይቷል። ወደ ማታ ደግሞ ደንበኛው በሥጋ ቤቱ ፊት ቆሞ ሽንጥ ወይም ዳቢት መርጦ በኪሎ ያስመዝናል፤ ከፊሉን ቁርጥ፣ ከፊሉን ጥብስ ያዝዛል። ክትፎ ቤት ቅቤ፣ አይብ፣ ሚጥሚጣና ከጉራጌ አገር የሚመጣ ቆጮ ሳይኖረው አይከፈትም። ጠጅ ቤትም ማርና ጌሾ ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ከሰዓቱ ይልቅ ገበታውን የሚገዛው የጾም ቀን መቁጠሪያ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም 43 ቀን ያህል፣ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ያህል ይጾማል። የሐዋርያት ጾም ደግሞ ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩበት፣ ሥጋ ቤቱ ገበያ የሚያገኘው ከዓመቱ በከፊሉ ብቻ መሆኑ ግልጽ ነው። በቅበላ ሳምንት መቀመጫ የማይገኝበት ቤት፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ወንበሩን ደርድሮ በሩን ይዘጋል፤ አስተዋይ ባለቤት ያለው እንደ ሆነ ግን ወደ ጾም ምግብ ይለወጣል። በዚያው ወራት የሽሮ ቤቱ ገንዘብ ሣጥን ይሞላል።

የዱቤ ጉዳት የሚመጣው ይህን ካለማገናዘብ ነው። በመዝገብ ሥራ ላይ የቆየ ጸሐፊ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በቅበላ ዋዜማ ቅቤ ተሰጥቶት በሠላሳ ቀን እከፍላለሁ ብሎ የፈረመ ሥጋ ቤት፣ ቀኑ ሲደርስ የሚገኘው በጾሙ እኩሌታ ላይ ነው። ሰውየው አታላይ ሆኖ ሳይሆን፣ ገበያው ስለ ተቋረጠ ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ለሥጋ ቤት ዱቤ መስጠት የሚሻለው በትንሣኤ ዋዜማ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል። ለሽሮ ቤት ግን ጾም ከመግባቱ በፊት ሰጥቶ በጾሙ መካከል መሰብሰብ ይቻላል።

የእስላም ምግብ ቤቶችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በረመዳን ቀን ቀዝቅዘው የሚውሉት ቤቶች ፀሐይ ስትጠልቅ በሳምቡሳ፣ በሾርባና በተምር ይደምቃሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ተምር አስመጪው የአምናውን ቀን ይዞ ቢያዝዝ ዕቃው ከበዓሉ በኋላ ሊደርስበት ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳን በሙሉ በዐቢይ ጾም ውስጥ ውሎ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት የቀኑ የምሳ ገበያና የማታው የማፍጠሪያ ገበያ በአንድ ወር ይደራረባሉ።

ላኪውና አስመጪውም ከሽሮው ድስት የራቁ አይደሉም። አገራችን ሰሊጥን በጥሬው ወደ ውጭ እየላከች፣ ለምግብ የሚሆነውን ዘይት በብዛት ከውጭ ታስገባለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የዶላር ዋጋ ለውጥ ሳይዘገይ በዘይት ዋጋ ላይ ይታያል። ባለሽሮ ቤቷ ግን የአንድ ሳህን ዋጋ በየሳምንቱ ብትጨምር ደንበኛዋ ይሸሻታል። ስለዚህ ዋጋ መለወጡ የማይቀር ሲሆን አስቀድሞ ማስታወቅ ለሻጩም ለገዢዋም ይበጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የአድራሻ ለውጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በዚያ ይሠሩ የነበሩ ትንንሽ ምግብ ቤቶችም ደንበኞቻቸውም ተበታትነዋል። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። ዋስትናቸው ሕንፃ ወይም መኪና ሳይሆን፣ በየወሩ ሳያጓድሉ የከፈሉበት ስማቸው ብቻ ነው። ወደ አዲስ ሰፈር ሄዳ ድስቷን እንደገና የጣደች ሴት ዱቄትና ዘይት በዱቤ የምትፈልገው በዚያው ሰዓት ሲሆን፣ አዲሱ ባለሱቅ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚለውን ጽሑፍ ያሳያታል። የቀድሞው ነጋዴ ግን የብዙ ዓመት መዝገቧ በእጁ አለ።

ስለዚህ ለክቡራን ነጋዴዎች የምናሳስበው፣ ከመዝገባቸው ውስጥ ሰፈር የለወጡትን የምግብ ቤት ደንበኞች ለይተው፣ አዲሱን አድራሻቸውን አስፈልገው፣ የቀድሞ አከፋፈላቸው መልካም የሆነውን በቀድሞው ውል እንዲቀጥሉላቸው ነው። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የተፈተነ ገዢን ማጣት፣ ያልተፈተነ ገዢ ከመፈለግ የበለጠ ኪሣራ አለበትና።